ሳሙናው ከንፈር ውስጥ ምን ይሠራል?

ጎጃም በረንዳ ገበያ ወጥታችሁ ስትመለሱ ከፌስታሉ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙናው ላርጎ አይጠፋም። ዛሬ ዕቃ ከማጠባችሁ በፊት ሳህን ላይ ውሃ ሙሉና ዘይት ጠብ አድርጉበት። ከዚያ ጣታችሁን ላርጎ አስነክታችሁ መሀሉን ንኩ። ዘይቱ ተበታትኖ ወደ ጠርዝ ይሸሻል።

የሳሙና ቅንጣት አንዱ ጫፏ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ቅባት። ሁለቱንም ስለምትይዝ ቅባቱን ትፈታዋለች። የደም ሥሮቻችንን ውስጥ የሚያለብሱት ሕዋሳትም ሽፋናቸው ቅባት ነው፤ ሐኪሞች የሚጠቀሙት በዚህችው ቅባት የመፍታት ችሎታ ነው።

አንዳንድ ሰው ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ጉንጩ ውስጥ ያለልክ የሰፉ ደም ሥሮች ይዞ ይወለዳል። ቦታው ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሲጫኑት ይጎድላል፣ ሲለቁት ቀስ ብሎ ይሞላል። ጆንያ ለማንሳት ጎንበስ ሲልማ ይነፋል። በምላጭ በቀላሉ የሚነካ ነገር አይደለም፤ ደሙ ቶሎ አይቆምም። አንዱ መፍትሔ ስክሌሮቴራፒ የሚባለው መርፌ ነው።

ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሶዲየም ቴትራዴሲል ሰልፌት ይባላል። ስሙ አያስፈራችሁ። የጥርስ ሳሙናችሁን ካርቶን አዙራችሁ ብታነቡ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት የሚል ሳታገኙ አትቀሩም። ዘመዳሞች ናቸው፤ የአንዱ ጅራት 12 ካርቦን፣ የመድኃኒቱ 14። መድኃኒቱ የደም ሥሩን ሽፋን ይልጠዋል፣ በተላጠው ላይ ደም ይረጋል፣ በሳምንታት ውስጥ ግድግዳው ጠባሳ ሆኖ ይጣበቃል። መንገዱ ሲዘጋ እብጠቱ ይሟሽሻል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የዶሮ ወጥ ድስት ስታጥቡ አረፋው ወዲያው ይሞትና ላርጎ ትጨምራላችሁ አይደል? ደምም መድኃኒቱን እንዲሁ ያደክመዋል፤ ፕሮቲኑ ይይዘዋል። ከቦታው ያመለጠው ሩቅ ሳይሄድ መድከሙ ደግ ነገር ነው። ችግሩ፣ እዚያው በቦታውም ደም ካለ ሥራውን ሳይጨርስ ያልቃል።

መላው መድኃኒቱን አረፋ ማድረግ ነው። ሁለት ብርጭቆ ሻይ አቅርቡ። በአንዱ ላርጎ ጠብ ብታደርጉ ሰምጦ ይቀላቀላል፤ በሌላው አረፋ በማንኪያ ብትጥሉ ተለይቶ ይቆማል። (ሻዩን ከዚያ በኋላ ድፉት!) ደም ሥር ውስጥም አረፋው ደሙን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ጣሊያናዊው ሐኪም ሎሬንዞ ቴሳሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ዘዴ ማሽን እንኳ አይጠይቅም፦ ሁለት ሲሪንጅ በትንሽ ቧንቧ ማገናኘት፣ 1 እጅ መድኃኒት ከ4 እጅ አየር ጋር 20 ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ መግፋት።

ላርጎው ለሳህኑ ይቅር። የሐኪሙ መድኃኒት ከጀርም የጸዳና የተለካ ነው። እብጠቱ በጣት ሲዳሰስ ትር ትር የሚል ከሆነ ከደም ቅዳ ጋር ስለተያያዘ ሕክምናው ሌላ ነው፤ ስለዚህ በአልትራሳውንድ አስቀድሞ ይታያል። ከመርፌው በኋላ ቦታው መጀመሪያ ያብጣል፣ ምላስና ጉሮሮ አካባቢ ሲሆን ትንፋሽ ሊያጥር ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ በሳምንታት ልዩነት መደጋገምም አለ።

የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ እብጠቱ ጎንበስ ስትሉ የተነፋበትን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ወንበር ላይ ቀና ብላችሁ ስትቀመጡ ጎድሎ ሊገኝ ይችላል።