የማሽላ ሥር የሚለቀውን ሆርሞን ስለ መለካት

አቀንጭራ በማሽላ ማሳ ውስጥ ብቅ ብሎ ሐምራዊ አበባውን ሲያሳይ ገበሬው መንቀል ይጀምራል። ይሁን እንጂ ጉዳቱ በአብዛኛው የደረሰው ከዚያ በፊት፣ አረሙ ከመሬት በታች በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ውሃና ምግቡን በሚስብበት ጊዜ ነው። አንድ ተክል በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ይጥላል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

ዘሩ ከግማሽ ሚሊሜትር ስለሚያንስ የያዘው ስንቅ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ስለዚህ በአቅራቢያው ሥር መኖሩን የሚነግር ምልክት ካላገኘ አይበቅልም። ምልክቱን የሚሰጠው ማሽላው ራሱ ነው። ማሽላው ፎስፎረስ ሲያንሰው፣ ይህን ምግብ የሚያቀርቡለትን ጠቃሚ ሻጋታዎች ለመጥራት ስትሪጎላክቶን የተባለ ሆርሞን ከሥሩ ይለቃል። አቀንጭራ ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ ነው።

የሆርሞኑ መጠን እጅግ አነስተኛ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰው እንኳ ዘሩን ለማስነሣት ይበቃል። ከዚህ ወገን የመጀመሪያው፣ ስትሪጎል፣ እ.አ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ ቢታወቅም፣ እነዚህ ቅመሞች የተክልን ቅርንጫፍ አወጣጥ የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖች መሆናቸው የተገለጸው በ2008 ነው። ዛሬ ማስ ስፔክትሮሜትር በተባለ መሣሪያ ከጥቂት የሥር ፈሳሽ ዓይነቱና መጠኑ ይለካል። መሣሪያው ግን ውድ ነው፤ የማይቋረጥ መብራትም ይፈልጋል።

ርካሹ ዘዴ የአቀንጭራን ዘር ራሱን መለኪያ ማድረግ ነው። ይህን ዘዴ ዶክተር ገቢሳ እጄታና ባልደረቦቻቸው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ለማሽላ ምርጫ ተጠቅመውበታል። በመጀመሪያ የአቀንጭራው ዘር ለአንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ በእርጥበትና በሙቀት ይቆያል፤ ይህ ካልተደረገ ምልክቱን አይቀበልም። ቀጥሎ በፔትሪ ሳህን ውስጥ ከቀጭን አጋር ጋር ይደባለቅና አንድ የጎነቆለ የማሽላ ዘር ይተከልበታል። ከ3 እስከ 5 ቀን በጨለማ ከቆየ በኋላ፣ ከማሽላው ሥር እጅግ ርቆ የበቀለው አቀንጭራ ያለበት ርቀት በማስመሪያ ይለካል። ርቀቱ ከ10 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ማሽላው ምልክት የሚሰጠው በጥቂቱ ነው ይባላል።

ሳህኑ ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አያሳይም። በ2017 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው እነዚህ ማሽላዎች ሆርሞን መልቀቃቸውን አላቆሙም፤ አቀንጭራን በኃይል በሚቀሰቅሰው ዓይነት ፈንታ ደካማውን፣ ኦሮባንኮልን፣ ይለቃሉ። ይህን ለማወቅ መሣሪያው የግድ ነበር። በሌላ በኩል፣ አረሙ ከተጣበቀ በኋላ የሚቋቋም ማሽላ በሳህን ፈተና ሊወድቅ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ዝርያ በማሳ ሳይሞከር ባይጣል ይሻላል።

ፈተናው ሲያበቃ ሳህኖቹ በኦቶክላቭ ተቀቅለው ይወገዳሉ። የአቀንጭራ ዘር በልብስና በጫማ ተጣብቆ ስለሚሄድ፣ ሠራተኛው አረሙ ወዳልደረሰበት ማሳ ከመሄዱ በፊት ልብሱን ይለውጥ።