ከሴንሰሩ በፊት ሽቦው

ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ወንዝ የተሻገረ መኪና ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ቻይናውያን የሠሩት የወልዲያ መንገድ ነው፣ ወደ ደብረ ታቦር ያስወጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ከተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ተነስቶ 2,700 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ደብረ ታቦር መውጣት ለቆየ ሞተር ፈተና ነው። ከአንበሳሜ፣ ከሐሙሲትም ሆነ ከወረታ የተነሳ አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ዳገቱን ሲይዝ፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ ለመኪናው ኮምፒውተር የምትነግረው አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር።

ይህችን ዕቃ መቀየር ከባድ አይደለም። ከባዱ የተበላሸችው በእርግጥ እሷ መሆኗን ማወቅ ነው። ጥፋቱ የሽቦው ሆኖ ሳለ ደህና ሴንሰር ተፈትቶ ይጣላል፣ ባለመኪናው ለአዲስ ይከፍላል፣ ችግሩ ግን በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል።

ካርቡራተር በነበረበት ዘመን ማለዳ ላይ ለቀዘቀዘ ሞተር ቤንዚኑን የሚያበዛው ብዙ ጊዜ አሽከርካሪው ራሱ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ቦሽ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ለቮልስዋገን መኪና ካቀረበ በኋላ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒውተር ዞረ። ኮምፒውተሩ ደግሞ እንደ ሰው ዳስሶ አያውቅም፤ የሚነግረው ይፈልጋል። ሴንሰሩ ውስጥ ያለው ቁስ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን አጥብቆ ይከለክላል፣ ሲሞቅ ያሳልፋል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 2,450 ኦም የሚጠጋው የመከልከል መጠን በ80 ዲግሪ 320 ኦም አካባቢ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ልኮ ከመስመሩ የሚያነበውን ቮልት በማየት ሙቀቱን ያሰላል።

ይህ ወሬ ሲዛባ ሞተሩ በተሳሳተ መረጃ ይሠራል። ሞቆ ሳለ «ቀዝቅዟል» ከተባለ ቤንዚን ይበዛበታል፣ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይለብሳሉ። ቀዝቅዞ ሳለ «ሞቋል» ከተባለ ደግሞ ጠዋት አልነሳም ይላል። መስመሩ ጨርሶ ሲቋረጥ የቶዮታ ኮምፒውተር ሙቀቱን 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይይዝና ቼክ ኢንጅን መብራቱን ያበራል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩት ቶዮታዎች ኮዱ 22 ነው፤ በኋላኞቹ ፒ 0115። ኮዱ ግን የሚለው «በዚህ መስመር ላይ ችግር አለ» ነው። ሴንሰሩን ቀይር አይልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይለካል። የሴንሰሩ ሶኬት ተነቅሎ ቁልፉ ሲከፈት በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 5 ቮልት አካባቢ መገኘት አለበት። ቮልቱ ከሌለ ችግሩ ከሴንሰሩ ወዲያ፣ በሽቦው ወይም በኮምፒውተሩ በኩል ነው። ስካነር ካለ ሌላ መፈተኛ ይጨመራል፦ ሶኬቱ ተነቅሎ እንዳለ፣ ኮምፒውተሩ ለሥራው 80 ዲግሪ ቢይዝም፣ ስካነሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ማሳየት አለበት፤ ሁለቱ ሽቦዎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ ደግሞ ንባቡ ወደ ከፍተኛው ሙቀት መዝለል አለበት። ይህ ከሆነ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፣ ጥርጣሬው ወደ ሴንሰሩ ይዞራል።

ሴንሰሩም በጣሳ ውሃ ይፈተናል። የብረት ጫፉ ብቻ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ የኦም መለኪያው ሁለት ጫፎች ከፒኖቹ ጋር ይያያዛሉ፣ ቴርሞሜትር ይጨመርና ጣሳው ከሰል ላይ ይቀመጣል። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ቁጥሩ ሳይዘልና ሳይቆም እየወረደ መምጣት አለበት። እዚህ ላይ አገሩን ማወቅ ይጠቅማል፦ በፎገራ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ውሃው ሲፈላ ከ200 ኦም ትንሽ ከፍ ያለ ንባብ ትክክል ነው፤ በመጽሐፍ ላይ ለ100 ዲግሪ የተጻፈውን ቁጥር ጠብቆ ሴንሰሩን ማውገዝ ስህተት ነው።

ሽቦው በዚህ አገር ጠላት ይበዛበታል። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ መኪና በጭቃና በውሃ ውስጥ ያልፋል፤ በጋ ላይ አቧራው ተራውን ይይዛል። ሩዝ ባለበት ደግሞ አይጥ አለ፣ አይጥም የሽቦ ልባስ ይበላል። የሶኬቱ ጎማ ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባና መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ከውጭ ደህና የሚመስል ሽቦ በልባሱ ውስጥ ለውስጥ ተበልቶ ይገኛል።

ሴንሰሩ በእርግጥ ከሞተ ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ የጋለ ውሃ ሰው ያቃጥላል። የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል፣ ከራዲያተሩ ጥቂት ውሃ ይቀነሳል። አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ዕቃዎች ስላሉ ልብ ይሏል፦ ባለ አንድ ሽቦው የዳሽቦርዱ ጌጅ ነው፣ የኮምፒውተሩ ባለ ሁለት ሽቦው ነው። ባለ ሁለት ሽቦው በ19 ቁልፍ ይፈታል፣ ማረፊያው ይጸዳል፣ አዲሱ ከአዲስ ጓርኒሲዮን ጋር በመጀመሪያ በእጅ ይገባና በ20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይጠበቃል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት ያጠበቀ ሰው ጥርሱን ይበላዋል። ከዚያ ውሃው ተሞልቶ አየሩ መውጣት አለበት። ሴንሰሩ ጫፍ ላይ አየር ከቀረ አዲሱም ውሸት ያወራል።

ሶኬቱ ከተበላ አዲስ ሶኬት ይቀጠላል፤ የባለሙያው እጅ የሚለየውም እዚህ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች እኩል ቦታ ላይ አይቆረጡም፤ አንዱ አጠር ሌላው ረዘም ይላል፣ መጋጠሚያዎቹ ጎን ለጎን እንዳይነካኩ። ዝገት የነካው መዳብ የሚያብረቀርቅ ንጹሕ መዳብ እስኪገኝ ይቆረጣል። ሙቀት የሚያጣብቀው ቱቦ አስቀድሞ ሽቦው ላይ ይገባል፣ መጋጠሚያው በቆርቆሮ ይበየዳል፣ ቱቦው ይሳብና ይሞቃል። መስመሩ ከማርሚታውና ከካንዴላ ኬብሎች ይርቃል፣ ውሃ ወደ ሶኬቱ እንዳይወርድም ሽቦው ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ይታሰራል።

ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለምን እንደማይበቃ ቁጥሩ ይናገራል። ደካማ መጋጠሚያ 300 ኦም ጨመረ እንበል። ጠዋት በ20 ዲግሪ፣ 2,450 ላይ 300 ቢጨመር ኮምፒውተሩ 17 ዲግሪ ገደማ ያነባል፤ ማንም አያስተውለውም። ሞተሩ 80 ሲደርስ ግን 320ው 620 ይሆንና ኮምፒውተሩ 58 ዲግሪ አካባቢ ነው ብሎ ያምናል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እንዳልሞቀ ቆጥሮ ቤንዚን ሊጨምር ይችላል፤ የራዲያተሩ ፋን በዚሁ ሴንሰር በሚታዘዝባቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ፋኑ ይዘገያል። በወረታ ሜዳ ያልታየው ጉድለት በደብረ ታቦር ዳገት ላይ ይወጣል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። የሚያኖራቸው ለክቶ የሚሠራ እጅ ነው። ባለመኪና ለመለዋወጫ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መካኒኩን «ስንት ቮልት አገኘህ? ስንት ኦም?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በቁጥር ለሚሰጠው መካኒክ ደግሞ ለመፈታታቱ ብቻ ሳይሆን ለመለካቱም ይክፈለው፤ አላስፈላጊ ዕቃ ከመግዛት ያዳነው እሱ ነውና።