ተጨማሪ መረጃ፦ የብሪታንያ የካሴት ጨዋታ አሳታሚዎች
እ.ኤ.አ. በ1982 ሲንክሌር ሪሰርች የተባለው ኩባንያ ዜድኤክስ ስፔክትረም የተሰኘውን የቤት ኮምፒውተር ከ125 ፓውንድ ጀምሮ ለብሪታንያ ገበያ አቀረበ። ጨዋታዎቹ የሚቀዱት በተራ የቴፕ ካሴት ላይ ነበር። ካሴት ማባዛት ብዙ ወጪ ስለማይጠይቅ በየከተማው ትንንሽ አሳታሚዎች በቀሉ። በ1983 የሊቨርፑሉ በግ-ባይት ያሳተመው «ማኒክ ማይነር» እንኳ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው የማቲው ስሚዝ የብቻ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የዚያችው ከተማ ኩባንያ የኢማጅን ታሪክ ነው። ገንዘቡን ለማስታወቂያና ለታላላቅ ዕቅዶች ያለ ልክ አፍስሶ በ1984 ከሰረ፤ ሥራውን ሊቀርጽ የመጣ የቢቢሲ ቡድንም ውድቀቱን በካሜራ አስቀረ። ስሙን የገዛው የማንችስተሩ ኦሽን ነው። ኦሽን የታዋቂ ፊልሞችን የጨዋታ ፈቃድ እየገዛ ከዘመኑ ግንባር ቀደም አሳታሚዎች ተርታ ተሰለፈ።

ማስተርትሮኒክ ደግሞ ካሴቱን በ1.99 ፓውንድ በጋዜጣ መሸጫ ሱቆች ጭምር በማቅረብ፣ ልጆች በኪስ ገንዘባቸው ጨዋታ እንዲገዙ አስቻለ። የዳርሊንግ ወንድማማቾች በ1986 የመሠረቱት ኮድማስተርስም የተነሣው በዚሁ የርካሽ ዋጋ ገበያ ነው። በ1990ዎቹ የጃፓን የጨዋታ መሣሪያዎች ካሴትን ከገበያ አስወጡ፤ ኦሽንም በ1996 ወደ ፈረንሳዩ ኢንፎግራምስ ተጠቃለለ።