ካናቢስ በተፈቀደበት ቦታ ያለ ፈቃድ መሸጥ ምን ያስከትላል?

በአሜሪካ «ካናቢስ ተፈቀደ» የሚለው ወሬ ብዙዎቻችን ዘንድ የደረሰው ከሕጉ ዝርዝር ቀድሞ ነው። የሸሪዓው ጎን ግልጽ ስለሆነ አናስረዝመውም፤ አስካሪ ነገር ሐራም ነው፣ ንግዱም እንዲሁ፣ የመንግሥት ፈቃድም ይህን አይለውጠውም። ዛሬ የምናነሳው የአገሩን ሕግ ነው። ምክንያቱም በሱቅ ሥራ የሚተዳደሩ፣ ግሪን ካርድ ይዘው ዜግነት የሚጠብቁ ወገኖቻችን በዚህ ጉዳይ ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ።

ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባት ከዋሽንግተን ዲሲ እንጀምር። ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በድምፅ ያጸደቁትና በ2015 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ሰው እስከ 2 አውንስ (57 ግራም ገደማ) እንዲይዝ፣ እስከ 1 አውንስ ደግሞ ያለ ክፍያ ለሌላ አዋቂ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ሽያጭን አልፈቀደም። «የስጦታ ሱቆች» የተፈለፈሉት በዚህ ቀዳዳ ነው፦ ቲሸርት ወይም ተለጣፊ ምስል በውድ ዋጋ ይሸጣሉ፣ ካናቢሱን «በነጻ» ይመርቃሉ። ፊቅህ የተማረ ሰው ይህችን ሒላ ወዲያው ያውቃታል፤ የውሉን ስም መቀየር ውሉን አይቀይረውም። ከተማዋም አልተቀበለችውም። ሱቆቹ የሕክምና ካናቢስ ፈቃድ እንዲያወጡ ዕድል ከሰጠች በኋላ፣ ከ2024 ጀምሮ ፈቃድ የሌላቸውን ማሸግ ያዘች። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ግማሽ ፓውንድ ሸጦ የተፈረደበት ሰው እስከ 180 ቀን እስራትና እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

በኒውዮርክ ዱላው የሚበረታው በገንዘብ ነው። ግዛቱ ካናቢስን የፈቀደው በመጋቢት 2021 ሲሆን የመጀመሪያው ባለፈቃድ ሱቅ የተከፈተው ግን በ2022 መጨረሻ ነው። በመሃሉ ፈቃድ የሌላቸው ሱቆች በየማዕዘኑ ሞሉ። በ2023 የወጣው ሕግ በቀን እስከ 10,000 ዶላር፣ በከባድ ጥፋት ደግሞ እስከ 20,000 ዶላር ያስቀጣል። ልብ በሉ፣ በቀን ነው። በ2024 ደግሞ ከተማው ሱቆቹን እስከ አንድ ዓመት የማሸግ ሥልጣን አገኘ።

ለስደተኛ ግን ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ሌላ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚታየው በፌዴራል ሕግ ነው፤ ያ ሕግ ደግሞ ግዛቶቹ የፈቀዱትን አልተከተለም። ለራሱ መጠቀሚያ እስከ 30 ግራም ማሪዋና ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ ለተፈረደበት ሰው ከመባረር የሚያድን ልዩ አንቀጽ አለ። ይህ አንቀጽ ለሻጭ አይሠራም። በሽያጭ መፈረድ ግሪን ካርድን አሳጥቶ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ግዛቱ ፈቃድ በሰጠው የካናቢስ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት እንኳ ለዜግነት የሚፈለገውን «መልካም ጠባይ» ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። ስለዚህ «ባለቤቱ ፈቃድ አለው፣ እኔ ገንዘብ ተቀባይ ብቻ ነኝ» የሚለው መልስ ዜጋ ላልሆነ ሰው መከላከያ አይሆንም።

ክስ የመጣበት ሰው «ትንሽ ቅጣት ከፍለህ ጨርስ» ሲባል ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ የዚያች ቃል መዘዝ ከቅጣቱ ይከብዳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በሰጠው ውሳኔ የወንጀል ጠበቃ ለውጭ ዜጋ ደንበኛው የመባረር አደጋ እንዳለ የመንገር ግዴታ አለበት። ካልነገራችሁ፣ ጠይቁት።