ዘጠነኛ ክፍል፣ በሥዕልና በሣቅ

በአማርኛ «ኮሚክ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ሰው ነው፤ ቀልደኛው፣ አስቂኙ። ኮሚክ የሚባለው መጽሐፍ ኋላ የመጣ ነው። የሥዕል ልብወለድ፣ በተለመደው አጠራሩ ግራፊክ ኖቭል፣ ታሪኩን በተከታታይ ክፈፎች እየሣለ፣ ንግግሩን ከተናጋሪው አፍ በሚወጣ አረፋ ውስጥ እየጻፈ የሚተርክ ሙሉ መጽሐፍ ነው። በሌላው ዓለም ይህ ዘርፍ አጥብቆ ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ አዲስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ነው። የጄሪ ክራፍት «ኒው ኪድ» እንዲህ ያለውን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እያሳቀ ይተርካል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የኒውበሪ ሜዳልያን ሲያገኝም ከሥዕል ልብወለዶች የመጀመሪያው ሆነ። ወደ እኛ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው የበስራት ደበበ «ጀምበር» ዋና ገጸ ባሕሪ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ ልዩ ኃይል የሚያገኝ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። መልካም ጅምር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ግን ልዩ ኃይል አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና ብዙ ድንጋጤ ይበቃል። ያን ድንጋጤ በሣቅ ለመተረክ ደግሞ ከባቲ የተሻለ ቦታ፣ ከሥዕል ልብወለድም የተሻለ መሣሪያ ያለ አይመስለኝም።

ምክንያቱ ቋንቋ ነው። ባቲ በምትገኝበት በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይማራሉ፤ አማርኛ በፊደል ይጨመራል፤ ሙስሊሙ ልጅ ቁርኣኑን በዐረብኛ ይቀራል፤ ገበያው ውስጥ አፋርኛ ይሰማል። ከዚያ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይታለፍና ዘጠነኛ ላይ ባዮሎጂው፣ ታሪኩ፣ ሒሳቡ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆኖ ይመጣል። በሦስት ቋንቋ ሲቀልድ የኖረ አንደበተ ርቱዕ ልጅ በአንድ ክረምት ዲዳ ይሆናል። ይህን በስድ ንባብ የሚጽፍ ደራሲ አንዱን ቋንቋ መርጦ ሌላውን መተርጎም ግድ ይሆንበታል፤ ሲተረጎም ቀልዱ ይሞታል። በሥዕሉ ግን አንዱ አረፋ በቁቤ፣ አጠገቡ ያለው በፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ የመምህሩ እንግሊዝኛ ደግሞ ልጁ ጆሮ ውስጥ እንደሚገባው፣ የተንጫጫ ጭረት ሆኖ ሊሣል ይችላል። አንባቢው ሦስቱንም ባያነብ እንኳ የልጁን ፊት አይቶ ይገባዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የገባውን የፕላዝማ ትምህርት የተማሩም ያስታውሱታል፦ ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቃል፣ ማንም ትንፍሽ ሳይል «በጣም ጎበዝ» ብሎ ያልፋል። ጸጥ ያለ ክፍልና የሚያመሰግን መስኮት፤ ቃል የማይጨመርበት ክፈፍ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሰኞ ነው። የባቲ ገበያ በየሰኞው የደጋውን ገበሬና የቆላውን አፋር ከነግመሉ ያገናኛል፤ የከተማዋን ስም ያስጠራው ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ የሆነው ባቲ ነው፣ በየሳምንቱ የሚያስጨንቃት ግን ገበያው ነው። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ደግሞ ስንቁን የሚጠብቀው ከቤተሰቡ ነው። ዩኒፎርሙን ተኩሶ የከተማ ልጅ ለመምሰል ሲጥር ሰኞ ቀን በክፍል ጓደኞቹ ፊት በአህያ የተጫነ ስንቅ ይዛ እናቱ ብትደርስ፣ ኀፍረቱና ፍቅሩ አንድ ክፈፍ ውስጥ ይገባሉ። ማርጌሪት አቡዌ በክሌማን ኡብረሪ ሥዕል «አያ» የተባለውን የሥዕል ልብወለድ ስትሠራ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የነበረውን የአቢጃን ሰፈር ዮፑጎንን ከነሐሜቱ ወስዳ አሳቀችበት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በፈረንሳይ የአንጉሌም ፌስቲቫል የመጀመሪያ ሥራ ሽልማት አገኘች።

«ሥዕል ያለው መጽሐፍ ልጁን ከንባብ ያሰንፈዋል፣ ደግሞስ የእኛ አይደለም» የሚል ይኖራል። የእኛ አለመሆኑን አልቀበልም። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በሸራ ላይ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፈፎች ተከፋፍሎ ይሣላል፤ ንግሥቲቱ ማክዳ ቅመም የበዛበትን እራት በልታ ሌሊት ውኃ ስትጠጣ የምትያዝበት ተንኮል አለበት፣ አባቱን ፍለጋ የሚሄድ ጎረምሳም አለበት። ልብ ላለው፣ ስለ ዕድገት የተሣለ ታሪክ ነው። ስለ ስንፍናው የሚነሣው ሥጋት ግን ቁም ነገር አለው፦ ሥዕል ብቻ የሚያይ ልጅ ረጅም አንቀጽ ሊከብደው ይችላል። ሆኖም አሁን ያለው ተማሪ ምርጫው በረጅም ልብወለድና በሥዕል መጽሐፍ መካከል ሳይሆን፣ በእንግሊዝኛ በተጻፈ መማሪያ መጽሐፍና በስልክ መካከል ነው። «መምህር ላይ መሣቅ ነውር ነው» ለሚለውም አለቃ ገብረ ሐና አሉ፤ ሊቅ ነበሩ፣ ከንግሥት እስከ ጎረቤት ማንንም ከቀልዳቸው አልማሩም፣ ሊቅነታቸውም አልቀነሰ።

የሚከብደው ሙግት የገንዘብ ነው፤ ባለቀለም ኅትመት ውድ ነው። ግን ቀለም ግዴታ አይደለም። የማርጃን ሳትራፒ «ፐርሴፖሊስ» ኢራናዊቷን ልጃገረድ ከቴህራን እስከ ቪየና የተከተለው በጥቁርና በነጭ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት ያገኘው «ማውስ»ም እንዲሁ። ስለዚህ የባቲ መምህራንና የሥነ ጥበብ ክበቦች ማተሚያ ቤት ከመፈለጋቸው በፊት በደብተር ጀርባ የመምህሩን ፊት የሚሥለውን ልጅ ይፈልጉ። ሲያገኙትም አይቅጡት፤ ሁለተኛውን ክፈፍ ይጠይቁት።