የሮዶስ አሮጌ ከተማ፤ ግንቡን ማን መቼ ሠራው?

የሮዶስ ደሴት ከግሪክ አገር በስተምሥራቅ ጫፍ፣ ከቱርክ ጠረፍ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ናት። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ በመርከብ እንዳለፈባት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ተጽፏል። ዋና ከተማዋ በስሟ ሮዶስ የምትባለው ሲሆን፣ የተቆረቆረችውም የደሴቲቱ ሦስት ጥንታውያን ከተሞች፣ ሊንዶስ፣ ያሊሶስና ካሚሮስ፣ በ408 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት አንድ በሆኑ ጊዜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በቅጥር የተከበበው አሮጌው ክፍል በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ አንባቢያችንን ይዘን በዚሁ አሮጌ ከተማ ውስጥ በእግር እንዞራለን። ይሁን እንጂ አሳባችን የመንገድ መሪ ለመሆን አይደለም። በየደረስንበት ሕንፃ ፊት ቆመን፣ ይህን ድንጋይ ማን መቼ አስቀመጠው ብለን ለመጠየቅ ነው። ሮዶስን የሚያይ ሰው ሁሉ የመካከለኛውን ዘመን ከተማ እንዳለች ያየ ይመስለዋልና፣ ጥያቄው ከንቱ አይደለም።

ከወደቡ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚገባው «የነፃነት በር» በሚባለው ነው። በሩ የቀድሞ ሰዎች ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን በ1924 ኢጣልያኖች ቅጥሩን ከፍተው ያበጁት ነው። ኢጣልያ ደሴቲቱን በ1912 ከቱርኮች ወስዳ ነበርና፣ ራሷን ነፃ አውጪ አድርጋ በመቁጠር ይህን ስም አወጣችለት። የግሪክ ሕዝብ ግን ነፃነት የሚለውን ቃል ከሌላ ነገር ጋር አያይዞ ሲጠብቅ ኖሯል። ወደቡን ሳንለቅ ስለ ታላቁ የነሐስ ሐውልትም አንድ ቃል እንጨምር። ሐውልቱ 33 ሜትር ያህል ቁመት የነበረው ሲሆን፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ተሠርቶ ብዙም ሳይቆይ በመሬት መንቀጥቀጥ ወደቀ። በወደቡ ግራና ቀኝ እግሩን አንፈራጥጦ መርከቦች በሥሩ ያልፉ ነበር የሚለው ወሬ ግን ከወደቀ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተፈጠረ ተረት ነው።

ከበሩ ገብተን የፍርስራሹን የአፍሮዲቴ መቅደስ አልፈን ጥቂት ስንራመድ ከፈረሰኞቹ ሆስፒታል እንደርሳለን። የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ፈረሰኞች የሚባሉት፣ በኢየሩሳሌም ሕሙማንን ለመርዳት የተጀመረ፣ በኋላም ጦረኛ የሆነ የመነኮሳት ማኅበር አባሎች ናቸው። ከቅድስት አገር በተባረሩ ጊዜ በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሮዶስን ያዙ፤ እስከ 1522 መጨረሻም ገዟት። 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቅጥር፣ ከነጥልቅ ቦዩ፣ አሁን ያለውን መልክ የያዘው መድፍ እየበረታ በሄደበት በእነርሱ ዘመን ነው። አባሎቹ እንደ ትውልድ አገራቸው ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ክፍል «ልሳን» ይባል ነበር። መጀመሪያ ሰባት የነበሩት ልሳናት በ1462 ስምንት ሆኑ፤ ከቅጥሩም ለእያንዳንዱ ልሳን የሚጠብቀው ድርሻ ተመድቦለት ነበር።

ሆስፒታሉ በ1440 ተጀምሮ በ1489 የተፈጸመ ሲሆን፣ ዛሬ የጥንታዊ ቅርስ ሙዚየም ነው። ሕሙማን ይተኙበት የነበረው የፎቁ አዳራሽ 50 ሜትር ያህል ይረዝማል። ማኅበሩ ጦረኛ ከሆነም በኋላ የመጀመሪያ ሥራውን እንዳልተወ ይህ ሕንፃ ይመሰክራል።

ከሆስፒታሉ ጥግ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው ጠባብ ጎዳና «የፈረሰኞች መንገድ» ይባላል። በሁለት ወገኑ የልሳናቱ ማደሪያ ቤቶች ይገኛሉ፤ በየግንባራቸውም የአለቆቹ አርማ በእብነ በረድ ተቀርጾ ይታያል። የጎዳናው መሥመር ግን ከፈረሰኞቹ ይልቅ ይሸመግላል፤ ወደ ወደቡ ይወርድ የነበረውን የጥንት ግሪኮች መንገድ ተከትሎ የሄደ ነውና። እንዲሁም በቱርኮች ዘመን በእነዚህ ቤቶች ላይ ከእንጨት የተሠሩ፣ ወደ መንገዱ የሚወጡ ሰገነቶች ተጨምረው ነበር። ኢጣልያኖች ጎዳናውን ሲያድሱ እነዚያን ሰገነቶች አነሧቸው። ድንጋዩ ጠራ፤ የአራት መቶ ዓመት ኑሮ ግን አብሮ ተጠረገ። እኛ ይህን ሥራ እንደ ጥፋት ብቻ አንቈጥረውም፤ ቤቶቹ ሳይታደሱ ቢቀሩ ብዙዎቹ ዛሬ ባልቆሙም ነበር። ሆኖም አንዱን ዘመን ለማሳየት ሲባል ሌላውን መፋቅ ጥገና ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ከጎዳናው ራስ ላይ የማኅበሩ ታላቅ አለቃ ቤተ መንግሥት ቆሟል። በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት የተሠራው ሕንፃ ወህኒ ቤት ሆኖ ሲያገለግል ኖሮ፣ በ1856 በአቅራቢያው በነበረው ቤተ ክርስቲያን ሥር የተከማቸ ባሩድ ሲፈነዳ አብዛኛው ፈረሰ። ዛሬ የምናየው ቤተ መንግሥት ከ1937 እስከ 1940 በነበሩት ዓመታት፣ ቪቶርዮ መስቱሪኖ በሚባል የሕንፃ ባለሙያ ንድፍ የተሠራ ነው። የታችኛው ክፍል ከጥንቱ የተረፈ ቢሆንም፣ የላይኛው በብዙው አዲስ ነው። በወለሉ ላይ የተነጠፉትን ሞዛይኮች ጎብኚው የፈረሰኞቹ ይመስሉታል፤ እነርሱ ግን ከቆስ ደሴት የመጡ፣ ፈረሰኞቹ ሳይወለዱ ብዙ መቶ ዓመት የቀደሙ ናቸው። ቤቱ የታሰበው ለኢጣልያ ንጉሥና ለሙሶሊኒ ማረፊያ ነበር።

በመግቢያው ላይ በ1940 የተተከለ የእብነ በረድ ሰሌዳ አለ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳያነበው ሊያልፍ አይገባም፤ በላዩ ላይ ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊ የኢጣልያና የአልባንያ ንጉሥ፣ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ተብሎ ተጽፏልና። በዚያው ዓመት አርበኞቻችን በየዱሩ ይዋጉ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገቡ። ሥራውን ያሠራው አገረ ገዥ ቼዛሬ ማሪያ ዴ ቬኪም ከ1923 እስከ 1928 የኢጣልያ ሶማሊያ ገዥ የነበረው ሰው ነው። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ የፈረሰኞቹን ታሪክ ከመናገሩ ይልቅ የፋሽስቱን መንግሥት ምኞት ይናገራል ብንል አልተሳሳትንም። በእኛም አገር በወረራው ዘመን የጎንደር ግንቦች በሲሚንቶ ተጠግነው፣ ያ ጥገና ለጥንቱ ሕንፃ የማይስማማ ሆኖ ስለተገኘ በኋላ ማስተካከል አስፈልጓል። በየካቲት 1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውልም ሁለቱን ነገሮች በአንድ ሰነድ ይዟል፤ ኢጣልያ ሮዶስንና አካባቢዋን ደሴቶች ለግሪክ ስትለቅ፣ የኢትዮጵያንም ነፃነት አውቃ ተቀበለች።

ከቤተ መንግሥቱ ወደ ደቡብ ስንወርድ ወደ ገበያው ሠፈር እንገባለን። በዚህ የሱሌይማን መስጊድ ይገኛል፤ ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ የተመሠረተ ሲሆን፣ ያሁኑ ሕንፃ በ1808 እንደገና የተሠራ ነው። ከፊት ለፊቱ በ1793 የተቋቋመ የሐፊዝ አሕመድ አጋ ቤተ መጻሕፍት አለ። ከ1522 በኋላ ግሪኮች በቅጥሩ ውስጥ ማደር ተከልክለው ነበር፤ ቀን ሲነግዱ ውለው በር ሳይዘጋ መውጣት ነበረባቸው። በቅጥሩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ሙስሊሞችና አይሁድ ናቸው።

የአይሁድ ሠፈር በስተምሥራቅ፣ ወደ ወደቡ በኩል ነው። በ1944 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ወደቡን ሲደበድቡ ብዙ ቤት ፈርሶበታል። የባሰው ግን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዴ ቬኪ በ1938 የወጣውን የኢጣልያ የዘር ሕግ በደሴቲቱ ላይ አስፈጽሞ ነበር፤ ከመስከረም 1943 ጀምሮ ደግሞ ደሴቲቱ በጀርመኖች እጅ ወደቀች። በሐምሌ 1944 ጀርመኖች ከ1,600 የሚበልጡ አይሁድን ሰብስበው በመርከብ ወደ ፒሬዎስ፣ ከዚያም በባቡር ወደ አውሽቪትዝ ወሰዷቸው፤ በሕይወት የተመለሱት 150 ያህል ናቸው። የቱርክ ቆንስል የነበረው ሰላሃቲን ኡልኩመን የቱርክ ዜግነት አላቸው እያለ ተከራክሮ ሃምሳ ያህል ሰዎች አስጥሏል። አደባባዩ ዛሬ «የአይሁድ ሰማዕታት አደባባይ» ይባላል።

ከአደባባዩ ጥቂት እልፍ ብሎ ካሃል ሻሎም የተባለው ምኩራብ ይገኛል። በ1577 የተሠራ ሲሆን፣ በግሪክ አገር ከቀሩት ምኩራቦች ሁሉ የቆየ ነው። ወለሉ በጥቁርና በነጭ ጠጠር ተነጥፏል። ባጠገቡ ባሉት ክፍሎች የማኅበረሰቡ ሙዚየም ተከፍቷል፤ በአሮጌው ከተማ ግን ጸሎቱን የሚያደርሱት የቀሩት አይሁድ በጣም ጥቂቶች ናቸው።