ከጎሬ ደጋ እስከ ባሮ ዳር፤ መንገድ መሪ ያለው ጉዞና የንግድ ጥቅሙ

ከኢሉባቦር ደጋ ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ሁለት አገር ያየ ይመስለዋል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፥ የጋምቤላ ከተማ ግን ከ500 ሜትር ብዙ በማይበልጥ ሥፍራ ላይ ተቀምጣለች። በላይ ጉም የለበሰ የቡና ደን፥ በታች ረጅም ሣር፥ የማንጎ ጥላና ሰፊው ባሮ ይቀበሉታል።

ይህ ቁልቁለት ለነጋዴ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል መሠረት፥ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ተቋቋመ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው፥ በበቅሎና በሰው ሸክም ከደጋ የወረደውን ቡና፥ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ፤ የመርከቡም ንግድ እየቀዘቀዘ ሄዶ ቆመ።

መርከቡ ቢቀርም ተራራውና ወንዙ በቦታቸው አሉ። በመቱ አቅራቢያ የሶር ፏፏቴ፥ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ ደን፥ የብርብርና የገባ ወንዞች ተገናኝተው የሚፈጥሩት ባሮ፥ ከደቡብ ሱዳን ጋራ ድንበር ተሻግሮ የሚፈልሰው ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚገኝበት የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ፥ እነዚህ ሁሉ ለአገር ጎብኚ የሚበቁ ናቸው።

ነገር ግን ይህ ሀብት ያለ መንገድ መሪ አይሸጥም። ወንዙ መቼ እንደሚሞላ፥ የትኛው መንገድ በጭቃ እንደሚዘጋ፥ አዞ የሚተኛበት ዳርቻ የት እንደ ሆነ የሚያውቀው በባሮ ዓሣ የሚያጠምደው አኙዋክና ከብቱን በየወቅቱ ከውሃ ወደ ውሃ የሚነዳው ኑዌር ነው። መኪናውን፥ ስንቁንና መሪውን ሁሉ ከአዲስ አበባ ይዞ የሚመጣ ቡድን ለአገሩ የሚተውለት የጎማ ዱካ ብቻ ነው። የአገሩን ልጅ መሪ አድርጎ፥ በአገሩ ቤት አድሮ፥ የአገሩን ዓሣ የበላ ጎብኚ ግን ገንዘቡን በዚያው ይተዋል።

መንገድ መሪ የት መቆም እንደሚገባም ያውቃል። ወደ ኢታንግ ሲኬድ ኩሌ አለች፤ በዚያም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ተጠልለዋል። ያለ ፈቃድ ወደ መጠለያው መግባት፥ የተቸገረውንም ሰው እንደ ትርኢት ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም። አካባቢው ጸጥታው የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፥ ከጉዞ በፊት የክልሉን ባለሥልጣኖች መጠየቅ ግዴታ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ሊገባ የሚያስብ ነጋዴ ከትልቅ ሆቴል ይልቅ በጥቂቱ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ደኅና ጀልባ፥ ንጹሕ መኝታ፥ ቋንቋና የመጀመሪያ ሕክምና የተማሩ የአገሩ ወጣቶች፥ አስቀድሞ በጽሑፍ የታወቀ ዋጋ። በጥንቱ ንግድ ቡናውን ከደጋ ያወረደው ተሸካሚ ከትርፉ የደረሰው ጥቂት ነበር። በአዲሱ ንግድ መንገዱን የሚመራው ሰው ድርሻው ከመጀመሪያው ሊቈረጥለት ይገባል።